የግል ጉድጓድ የግል ጉዳይ አይደለም

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ቤት የሚፈልግ ተከራይ ደላላውን «ቧንቧ አለው?» ብሎ ጠይቆ ዝም አይልም። ቀጥሎ «ጉድጓድስ?» ይላል። ይህቺ «ስ» ብዙ ትናገራለች። ቧንቧ መኖርና ውሃ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ትናገራለች። መብራት የጠፋ ዕለት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ትናገራለች። ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ጥቁር ቀዳዳ ከአንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ይልቅ እምነት እንደሚጣልባትም ትናገራለች።

ከከተማ ወጣ ሲባል፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያ፣ በወምበርማና በደምበጫ ገጠር፣ በየጓሮው ያው ነው። አፉ ላይ ግንድ የተጋደመበት፣ በአሮጌ ቆርቆሮ የተከደነ፣ ከመኪና ጎማ የተሰፋ መቅጃ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወርድበት ጉድጓድ። የምዕራብ ጎጃም እውነተኛው የውሃ መሥሪያ ቤት ይኸው ነው። በጀቱ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል፣ ሠራተኞቹ እናትና ልጆች ናቸው፣ ሪፖርት አይጽፍም፣ ስብሰባ አይቀመጥም።

ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል። «የግል ጉድጓድ» የሚለው ስም ራሱ ሁለት ሰዎችን ያሳስታል። የወረዳውን ኃላፊ «የግል ስለሆነ አይመለከተኝም» ያሰኘዋል፤ ባለቤቱን «የግሌ ስለሆነ ማንንም አይመለከትም» ያሰኘዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ግን የሚሳሳተው ደመወዝ እየተከፈለው ነው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት ለዚህ አገር አይሠራም። ብር፣ ላህ፣ ተምጫና ፈጣም ወደ ዓባይ የሚወርዱት በዚሁ ምድር ላይ ነው። ክረምቱ ዝናብ አይነፍግም፤ መሬቱም ሲቆፈር ውሃ ይሰጣል። እዚህ የጠፋው ውሃ አይደለም። የጠፋው ውሃው ምን እንደያዘ የሚናገር ሰው ነው።

ጉድጓዱ እንዴት እንደሚወለድ ማየት ይበጃል። ቆፋሪው ይጠራል፤ በክንድ ወይም በሜትር ይዋዋላል። ቀዩ አፈር እሺ ብሎ ይወርዳል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከገጠመ ዋጋው እንደገና ይወራል። ልምድ ያለው ቆፋሪ ከበጋው መጨረሻ አያልፍም። በነሐሴ በአምስት ሜትር የተገኘ ውሃ በሚያዝያ እንደሚከዳ ያውቃል። ውሃው የቀነሰ ዓመት ተመልሶ ይገባና ያጠልቀዋል፤ ጭቃውን ይጠርጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በዚያ ግቢ አያልፍም። አጥር ለማጠርና ክፍል ለመጨመር ማዘጋጃ ቤት መሄድ በሚያስፈልግበት ከተማ፣ ሰው የሚጠጣው ጉድጓድ የት ይቆፈር ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ከመሬት በታች ያለውም ጭምር። ስለዚህ ባለ ጉድጓዱ የገመዱ፣ የባልዲውና የድካሙ ባለቤት ነው እንጂ የውሃው ባለቤት አይደለም። ይኸው አዋጅ በእጅ ጉድጓድ ለመቆፈርና በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ለመጠቀም ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይደነግጋል። ይህም ትክክል ነው። አንዲት የገጠር እናት ጓሮዋን ለመቆፈር ወረዳ ድረስ ሄዳ ማኅተም ትለምን ማለት ግፍ ነበር። ችግሩ ሕጉ «ፈቃድ አያስፈልግም» ሲል ቢሮዎቹ «እገዛም አያስፈልግም» ብለው መስማታቸው ነው። ነጻ መልቀቅና ጥሎ መሄድ አንድ አይደሉም።

የማያውቁት ነገርም አይደለም። የውሃ ሚኒስቴር በ2004 ዓ.ም. ቤተሰብ በራሱ ገንዘብ የሚያለማውን የውሃ አቅርቦት የሚመለከት የፖሊሲ መመሪያ አውጥቷል። የመመሪያው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ቤተሰቡ ለጉድጓዱ ይከፍላል፤ መንግሥት ደግሞ በምክር፣ በሥልጠና፣ ብድርና ዕቃ እንዲገኝ በማመቻቸት ያግዛል። መልካም ስምምነት ነው። ቤተሰቡ የድርሻውን ተወጥቷል፤ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። የሌላው ወገን ድርሻ ከወረቀት ወርዶ በየግቢው አልደረሰም።

በጉዳዩ ላይ የአገሪቱ አቋም ራሱ ግማሽ ልብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ይደረጋል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ውሃና ንጽሕና ሰብአዊ መብት ናቸው የሚል ውሳኔ ለድምፅ ሲያቀርብ 122 አገሮች ደገፉ፤ 41 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተአቃቢዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዓባይን የሚያህል ወንዝ የምታመነጭ አገር «ውሃ መብት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ዝም አለች። ዲፕሎማቶች የየራሳቸው ምክንያት አይጠፋቸውም፤ ያ ዝምታ ግን በወረዳ ደረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት ቡሬ መሄድ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አንድ ቤተሰብ «ደኅንነቱ በተጠበቀ የውሃ አገልግሎት ይጠቀማል» ለማለት ውሃው ከተሻሻለ ምንጭ መምጣቱን፣ ለምሳሌ ግድግዳውና አፉ በወግ የተሠራ ጉድጓድ መሆኑን ካዩ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ውሃው ግቢ ውስጥ አለ ወይ? በተፈለገ ሰዓት ይገኛል ወይ? ከብክለት ነጻ ነው ወይ? የፍኖተ ሰላምን የጓሮ ጉድጓድ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። የመጀመሪያውን ያልፋል። ሁለተኛውን ከቧንቧው በተሻለ ያልፋል። የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱን ውድ ነገሮች፣ ማለትም ውሃውን ደጃፍ ማድረስንና ሁልጊዜ እንዲገኝ ማድረግን፣ ቤተሰቡ በራሱ ገንዘብ ገዝቷል። ለመንግሥት የቀረው ከሁሉ ርካሹ ነው፦ አፉን በወግ አሠርቶ መክደን፣ መመርመርና ማከም። ርካሹን ትቶ ስለ ውዱ ዕቅድ ያቅዳል። ለትልልቅ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፤ ለጉድጓድ ክዳን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ግን አይገኝም።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባካሄደው የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት በየቤቱ የሚጠጣውን ውሃ ከነምንጩ ለኢ. ኮላይ አስመርምሮ ነበር። ይህ ባክቴሪያ የሚመጣው ከሰውና ከእንስሳት አንጀት ነው፤ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ሦስቱንም መመዘኛ የሚያሟላ ውሃ የሚጠቀመው ከአምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ እንኳ ሆኖ አልተገኘም፤ በገጠር ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነበር። ብዙዎቹ ግን በሪፖርት «የተሻሻለ የውሃ ምንጭ ተጠቃሚ» ተብለው የሚቆጠሩ ናቸው። ሽፋን የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ይሸፍናል።

ብክለቱ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ትምህርት ቤት የተማርነው ሒሳብ ይበቃል። ከሽንት ቤት እስከ ጉድጓድ በተለምዶ የሚመከረው ርቀት 30 ሜትር ነው። በከተማ የተለመደ 200 ካሬ ሜትር ቦታ እንውሰድ፤ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 20 ሜትር ይሁን። ሽንት ቤቱ በአንዱ ጥግ፣ ጉድጓዱ በተቃራኒው ጥግ ቢቆፈር በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት 22 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ጠንቃቃ ሰው፣ የፈለገውን ያህል የተማረ ሰው፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚመከረውን ርቀት ማሟላት አይችልም። ቦታውን ሸንሽኖ የሰጠው ማዘጋጃ ቤት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በአጥር ማዶ ጎረቤት አለ። የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ሥር ተጠግቶ ሊቆፈር ይችላል፤ ከባለ ጉድጓዱ ውሃ አራት ሜትር ርቆ። የመሬት ሥር ውሃ አጥር አያውቅም፤ የይዞታ ማረጋገጫም አያነብም። የግል ጉድጓድ የግል ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በክረምት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በበጋ ሽንት ቤቱ ከውሃው በላይ በደረቅ አፈር ውስጥ ነው፤ አፈሩ የሚችለውን ያህል ያጣራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ከፍ ይላል፤ የጉድጓዱ ውሃ በባልዲ ሳይሆን በእጅ ሊነካ ሲቃረብ ቤተሰቡ ይደሰታል። የሽንት ቤቱም ግርጌ ያን ጊዜ በዚያው ውሃ ውስጥ ተነክሯል። የዚህ አገር ዓለት አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስንጥቅ አለው። በስንጥቅ የሚሄድ ውሃ እንደ አሸዋ አይጣራም፤ እንደ ቦይ ይሮጣል። ስለዚህ 30 ሜትሩ ራሱ ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም።

ለንደን በ1854 ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ገዝታለች። ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ የነበረ አንድ የውሃ ፓምፕ በኮሌራ ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን ቤት በካርታ ላይ እያስቀመጠ ምንጩን አሳየ። በኋላ ሲቆፈር አንድ አሮጌ የፍሳሽ ጉድጓድ ከውሃው አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ተገኘ። የዚያ ፓምፕ ውሃ በጣዕሙ የተወደደ ነበር፤ ከሩቅ ሰፈር እያስመጡ የሚጠጡት ነበሩ።

የጣዕሙ ነገር ጎጃምም ውስጥ አለ። «የእኛ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ኩልል ያለ ነው፣ የቧንቧው ውሃ በረኪና ይሸታል» የማይል ባለ ጉድጓድ ማግኘት ይከብዳል። ኢ. ኮላይ ውሃ አያደፈርስም። ሽታ የለውም። «አባቶቻችን ከዚሁ ጠጥተው ኖረዋል» የሚለው መከራከሪያም ሙሉ አይደለም፤ ከዚያው ጠጥተው ያልኖሩትን ሕፃናት አይቆጥርም። በዚያ ላይ አባቶች በጠጡበት ዘመን በጎጥ ውስጥ ሽንት ቤት አልነበረም፤ ቤትም እንዲህ አልተጠጋጋም።

ይህ የመጨረሻው ነገር የመንግሥት የራሱ ሥራ ያመጣው መሆኑ ደግሞ የሚያናድድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሲስፋፋ ካከናወናቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በየቤቱ ሽንት ቤት ማስቆፈሩ ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ሜዳ ላይ መጸዳዳትን ቀንሷል። ነገር ግን ዘመቻው የሚለካው በተቆፈረው ቁጥር ነበር። በመጽሐፉ ላይ ርቀት ተጽፏል፤ በሪፖርቱ ላይ የተቆጠረው ግን ጉድጓዱ ነው። አንዱ ዘመቻ ሽንት ቤት ቆፈረ፣ ቤተሰቡ ራሱ ውሃ ቆፈረ፣ ሁለቱ ጉድጓዶች ስንት እርምጃ እንደሚራራቁ የለካ የለም። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሜትር ይዛ በየግቢው ብትገባ ሥራው በአንድ በጋ ያልቃል። ሜትር የለም ከተባለ በእርምጃም ይሆናል።

በገጠሩ የሽንት ቤቱ ጭንቀት ቀለል ይላል፤ ቦታው ሰፊ ነው። ሌላ ነገር ግን አለ። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው፤ ማዳበሪያ በብዛት ይበተናል። በረቱም ከጉድጓዱ አጠገብ ነው። ከዩሪያና ከከብት እበት የሚሟሟው ናይትሬት ከዝናብ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በዚያ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ለሚጠጡ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው። ልብ መባል ያለበት ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ናይትሬቱ ይባስ ይጠነክራል። «አፍልተን ነው የምንሰጠው» የሚሉ እናቶች ጥፋት የለባቸውም፤ ያልነገራቸው ነው ጥፋተኛው። ከነዳጅ ማደያና ከጋራዥ ጎን ለተቆፈሩ የቡሬ መንገድ ዳር ጉድጓዶችም እንዲሁ ነው፤ ዘይትና ናፍጣን ክሎሪን አያወጣውም።

ባለሥልጣኑ እዚህ ላይ «ጦርነት ባለበት አገር ስለ ጉድጓድ ክዳን ታወራላችሁ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ምዕራብ ጎጃም የውጊያ ቀጠና ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ነሐሴ ወር ፍኖተ ሰላምና ቡሬን ጨምሮ በከተሞች ስለደረሰ የአየርና የከባድ መሣሪያ ጥቃት ተአማኒ መረጃ እንደደረሰው ተናግሯል። መንገድ ይዘጋል፤ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ መለዋወጫ አይመጣም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የከተማውን ውሃ የሚገፋው ሞተር ይቆማል። ያን ጊዜ አንድ ጉድጓድ ያለው ግቢ የሰፈሩ ቦኖ ይሆናል፤ ጀሪካን በደጁ ይሰለፋል። አንዳንዱ ያስከፍላል፤ አብዛኛው «ውሃ አይከለከልም» ብሎ ያስቀዳል። አንድ ቤተሰብ ይጠጣበት የነበረ ያልተመረመረ ውሃ ያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ ያጠጣል። ጦርነቱ የጉድጓዱን ጉዳይ አላሳነሰውም፤ አጣዳፊ አደረገው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ የተነሳው ኮሌራ ብዙ ሰው ከአንድ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚመጣ ለክልሉ አሳይቷል።

ደግሞስ ምን ያህል ገንዘብ ነው? አንድ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሜትር ውሃ ቢኖር ወደ 2,400 ሊትር ገደማ ነው። ከጽዳትና ከጥገና በኋላ ጉድጓድን ለማከም በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይበቃል ከተባለ የሚያስፈልገው ወደ 120 ግራም ነው። ይህ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ማታ ተጨምሮ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አይጠጣም፤ ጠዋት ሽታው እስኪጠፋ ተቀድቶ ከአትክልት ርቆ ይደፋል። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና አቅሙን ያጣል፤ ሱቅ ውስጥ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ የማይታወቅ ጠርሙስም ጥቅም የለውም። ሕክምናው ደግሞ ለዘለቄታው አይደለም። አፉ ክፍት ከሆነ፣ የፈሰሰው ውሃ ተመልሶ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መቅጃው ጭቃ ላይ ከተጣለ፣ በሳምንቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ከበረኪናው በፊት የላይኛው ሦስት ሜትር ግድግዳ በሲሚንቶ መታሸግ፣ አፉ ከመሬት ከፍ ብሎ መሠራት፣ ዙሪያው ተለስኖ ውሃው የሚሄድበት ቦይ መውጣት፣ አንድ ገመድና አንድ ባልዲ ብቻ ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ መኖር አለበት። ለመጠጥ የሚሆነው ደግሞ ቤት ውስጥ በውሃ አጋር ወይም በማፍላት ይታከማል። ከዚህ ውስጥ ሮኬት ሳይንስ የቱ ነው?

ዕውቀቱ ከውጭ የሚመጣም አይደለም። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል ሲሠራ የኖረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም፣ በኋላም ኮዋሽ የተባለው፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ የጋራ ጉድጓዶች ይህንኑ ሠርቷል። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ ይሰጥ ነበር፤ ሲሚንቶ የሚገዛውም፣ ግንበኛ የሚቀጥረውም መንደሩ ራሱ ነበር። ጉድጓድ የሚገነቡ፣ አፍሪዴቭ ፓምፕ የሚፈቱና የሚገጥሙ የሠለጠኑ ሰዎች ዛሬም በየወረዳው አሉ። ዕውቀቱ የቆመው ከግል ግቢ አጥር ውጭ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ መከልከል አለበት፤ ዘመቻ። አማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደውን የውሃ ማቆር ዘመቻ አልረሳም። ኮታ ከላይ ወረደ፤ ገበሬው ፈለገም አልፈለገም ኩሬ ቆፈረ፤ ብዙው ውሃ ሳይዝ ቀረ፤ የያዘውም ስንቱ የወባ ትንኝ መራቢያና የከብት መውደቂያ ሆነ። ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ስለ ግል ጉድጓድ የሚጠየቀው እንዲህ ያለ ነገር አይደለም። ምዝገባ ሲባል ግብር የሚሸተው ሰው ልክ ነው፤ ልምዱ አስተምሮታል። ስለዚህ ምዝገባው በግልጽ ማስታወቂያ ከክፍያም ከቅጣትም ነጻ ይሁን። ሥራው ከዕድር ጋር ይሠራ። ድንኳንና ድስት የሚጠብቅ ዕድር አንድ ጀሪካን የክሎሪን ዱቄትና አንድ ረጅም ገመድ መጠበቅ አያቅተውም።

ለቆፋሪዎቹ ደግሞ ከማንም በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ጉድጓድ ውስጥ የሚሞተው ሰው ሁልጊዜ የሚሞተው አፈር ተደርምሶበት አይደለም። ውሃ ለመምጠጥ የቤንዚን ሞተር ወደ ጉድጓዱ ያወርዳሉ፤ ጭሱ ውስጥ ይቀራል፤ የሚገባው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ወንድሙም ይወድቃል። ቆፋሪዎች ሻማ አብርተው በማውረድ አየሩን ይፈትሻሉ፤ ዘዴው ኦክስጅን ማነሱን ያሳያል። ከሞተር የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አያሳይም፤ ሻማው እየበራ ሰው ይሞታል። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ የሚያስወጣው የወረቀቱን ዋጋ ነው።

«የግል ጉድጓድ ይመርመር» ማለት አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው ካሉ ባንግላዴሽን ይጠይቁ። እዚያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ የኩሬ ውሃ ትቶ የቱቦ ጉድጓድ እንዲያስቆፍር መንግሥትና ዩኒሴፍ ገፋፉት፤ ሕዝቡም በገዛ ገንዘቡ በሚሊዮን የሚቆጠር ጉድጓድ በግቢው ተከለ። ውሃው ንጹሕ ይመስል ነበር። አርሴኒክ እንዳለበት የታወቀው በ1990ዎቹ ነው፤ ያን ጊዜ ትውልድ ጠጥቶታል። ከዚያ በኋላ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉድጓድ ተመረመረ፤ የሚጠጣው አረንጓዴ፣ የማይጠጣው ቀይ ቀለም ተቀባ። ይህ ጎጃም ውስጥ አርሴኒክ አለ ለማለት አይደለም። ድሃ አገር የግል ጉድጓድን በሚሊዮን ቆጥሮ መመርመር እንደሚችል ለማሳየት ነው። አሜሪካ ውስጥም 43 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ከግል ጉድጓድ ይጠጣል፤ የ1974ቱ የመጠጥ ውሃ ሕጋቸው እነዚህን አይጨምርም፤ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። ልዩነቱ እዚያ ባለቤቱ ናሙናውን በጠርሙስ ይዞ የሚሄድበት ቤተ ሙከራ መኖሩ ነው። የፍኖተ ሰላም ባለ ጉድጓድ ጠርሙሱን ይዞ የትኛውን በር ያንኳኳ?

ከትልቅ ቤተ ሙከራ መጀመር ግዴታ አይደለም። በሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚሠራ ቀላል የመመርመሪያ ጠርሙስ አለ። ውሃው ይጨመርበታል፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ሙቀት ባለበት ክፍል አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቀመጣል። ከዓይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎች ካሉበት ይጠቁራል። የቤተ ሙከራን ያህል ትክክል አይደለም፤ ማንበብ የማይችል ሰው ግን ውጤቱን ያነባል። ለአንድ ቀበሌ ሁለት መቶ ጠርሙስ ይበቃል። ሥራው ከግንቦት ይጀምር፤ ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ አንድ፣ በነሐሴ አንድ። የጠቆሩት ጠርሙሶች ይሰብሰቡና የጎጡ ስም ተጽፎባቸው በከንቲባው ቢሮ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ፤ ዘንድሮ የታሸገ ውሃ በሚቀመጥበት ቦታ።